ቅዳሜ ተማሪ፥ ሰኞ መርማሪ

ቅዳሜ ጠዋት፥ ገና ጤዛው ሳይረግፍ፥ ከጊንጪ ወደ አምቦ በሚጓዝ ሚኒባስ የተሳፈረ ሰው ከገበያተኛው መካከል ደብተር የያዘ አንድ ሁለት ጎልማሳ ሳያይ አይቀርም። ዕድሜው የተማሪ ዕድሜ አይደለም፤ ጢሙን ሽበት ጀማምሮታል። በሳምንቱ አምስት ቀን አስተማሪ፥ ነርስ፥ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ወይም ፖሊስ ሆኖ ይውላል፤ በተረፉት ሁለት ቀኖች ደግሞ ተማሪ ይሆናል። የቅዳሜና የእሑድ ትምህርት በአገራችን ከተለመደ ስለ ቈየ አጠገቡ የተቀመጠችው የቅቤ ነጋዴ «ስንተኛ ዓመት ደረስክ ወንድሜ?» ብላ ትጠይቀዋለች እንጂ በሽበቱ አትደነቅም።

ዛሬ ስለዚህ ዓይነቱ ሰው ልንነጋገር ነው። ስሙን አንጠራም፤ እንዲያውም አንድ የተወሰነ ሰው አይደለም። በአምቦ፥ በጉደር፥ በጌዶ፥ በባኮ ወይም በሌላ የምዕራብ ሸዋ ከተማ በፖሊስ ምርመራ ክፍል እየሠራ በትርፍ ጊዜው የሰውን ልቡና ሊያጠና የተነሣ አንድ ሰው አንባቢ በአሳቡ እንዲሥልልን ነው የምንለምነው። የሚማረውም ፈረንጆች ፎረንሲክ ሳይኮሎጂ የሚሉትን ትምህርት ነው እንበል።

ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገሩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። «ፎረንሲክ» የሚለው ቃል የጥንት ሮማውያን ገበያቸውንም ሸንጎአቸውንም ከሚያቆሙበት፥ «ፎሩም» ይሉት ከነበረው አደባባይ የመጣ ነው። እኛም «የፍርድ አደባባይ» እንላለን፤ ኦሮሞውም በኦዳ ዛፍ ሥር ጨፌ ተቀምጦ ሕግ ሲያወጣ የኖረው በአደባባይ ነው። እንግዲህ ፎረንሲክ ሳይኮሎጂ ማለት በፍርድ አደባባይ የሚቆመውን ሰው፥ ይኸውም የከሳሹን፥ የተከሳሹን፥ የምስክሩንና (ዳኞቻችን አይቀየሙን እንጂ) የዳኛውንም ልቡና የሚመረምር ትምህርት ነው። የአሜሪካ የሥነ ልቡና ማኅበር ራሱን የቻለ ልዩ ሙያ አድርጎ የተቀበለው በ2001 እ.ኤ.አ. ነው። በእንግሊዝ አገር ደግሞ ሳይመዘገቡ በዚህ ሙያ ስም መጠራት በሕግ የተከለከለ ሲሆን፥ በትርፍ ጊዜ የሚማር ሰው ለማስተርስ ዲግሪው ብዙ ጊዜ ሁለት ዓመት ይፈጅበታል፤ ከዚያም በኋላ በአዋቂ ሥር ሆኖ ሥራውን መለማመድ አለበት።

አምቦ ለእንዲህ ያለው ተማሪ የምትመች ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በነቀምቴ መንገድ ላይ ተቀምጣለች። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን «ሀገረ ሕይወት» እንድትባል ተደርጎ ነበር፤ ሆኖም ከ1930 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጠርሙስ እየታሸገ በየአገሩ የሚዞረው ውኃዋ የቀድሞ ስሟን አላስረሳ አለ። በ1939 ዓ.ም. በእርሻ ትምህርት ቤትነት የተጀመረው የትምህርት ተቋሟ አድጎ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል፤ ሕግም ሥነ ልቡናም ያስተምራል። ሁለቱ ትምህርቶች የሚሰጡት በየፊናቸው ነው። ተማሪያችን የሚፈልገው ዕውቀት ያለው ግን ሁለቱ በሚዋሰኑበት ድንበር ላይ ስለሆነ አንዱን ተምሮ ሌላውን ከመጽሐፍ ማሟላት ይኖርበታል።

ሥራ ሳይለቁ ሕግ መማር በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በ1956 ዓ.ም. የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ከቀኑ ተማሪዎች ሌላ ለሠራተኛው ሕዝብ የማታ ትምህርት ይሰጥ ነበር። ከዚያም ቀደም ብሎ፥ በአምቦ አጠገብ ቦዳ በሚባለው ስፍራ የተወለደው ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1959 እ.ኤ.አ. በሕግ ዲግሪ ያገኘው በቺካጎ ከሚገኘው ከብላክስቶን የሕግ ትምህርት ቤት ነው፤ ያ ትምህርት ቤት የሚታወቀው ደግሞ ትምህርቱን በፖስታ ቤት በኩል በመላክ ነበር። ባለቅኔው ኋላ ወደ ቴአትር ማድላቱን ሁሉም ያውቃል፤ ሕግ ባጣው ሰው ቴአትር መጠቀሙን የሚክድ አይገኝም።

ታዲያ ይህ ትምህርት ለምዕራብ ሸዋ ሰው ምን ይፈይድለታል? በየወረዳው መንገድና መድኃኒት ሲጐድል የልቡና ምርምር ቅንጦት አይሆንም ወይ? የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን የሰው ነጻነት ወይም ሕይወት በአንድ ምስክር ቃል ላይ በሚንጠለጠልበት ስፍራ ሁሉ የልቡና ነገር ቅንጦት ሆኖ አያውቅም። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» የሚለው ሕዝብ ይህን ሳያውቀው አልቀረም።

ከምስክሩ እንጀምር። አንባቢ ሆይ፥ በመጨረሻ የተሳፈሩበት ታክሲ ረዳት የለበሰው ምን ቀለም ነበር? ሒሳብ ተቀብሎዎታል፥ መልስ ሰጥቶዎታል፥ ምናልባትም ተጨቃጭቀዋል። ሆኖም «ሰማያዊ ሹራብ» ብለው በወንጌል ይምላሉ? ብዙዎቻችን አንምልም፤ የሚያስፈራው ግን የሚምሉት ሰዎች ሁልጊዜ ትክክል አለመሆናቸው ነው። በበርሊን ዩኒቨርሲቲ ፍራንዝ ፎን ሊስት የሚባሉ የወንጀል ሕግ ሊቅ፥ ነገሩ ከመቶ ዓመት አልፎታል፥ በትምህርት ላይ ሳሉ ሁለት ተማሪዎች ይጣላሉ፤ አንደኛው ሽጉጥ ይመዛል፤ ክፍሉ ይሸበራል። ጠቡ አስቀድሞ የተዘጋጀ ነበር። ያዩት ተማሪዎች የምስክርነት ቃላቸውን ሲሰጡ ከሁሉ ያነሰ የተሳሳተው ከመቶ 26፥ ከሁሉ የበለጠ የተሳሳተው ከመቶ 80 ስሕተት ተገኘበት። እነዚህ ያልተማሩ ሰዎች አልነበሩም፤ የነገ ዳኞችና ጠበቆች ነበሩ።

ይህንን የበርሊን ነገር በ1908 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ለዓለም ያሰማው ሁጎ ሙንስተርበርግ ነው፤ ጀርመናዊ ነው፥ ያስተማረው ግን በአሜሪካ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ነበር። የእርሱ ትልቅነት ራሱን አለማስቀረቱ ነው። ሌቦች ቤቱን ሰብረው ገብተው ነበርና በፍርድ ቤት ቀርቦ ምሎ መሰከረ። ሌቦቹ በምድር ቤቱ መስኮት ገቡ አለ፤ የገቡት ግን በር ሰብረው ነበር። ሊወስዱት ያዘጋጁትን ሰዓት በወረቀት ጠቅልለውት ነበር አለ፤ የተጠቀለለው በጠረጴዛ ልብስ ነበር። የሻማ ጠብታ ያየሁት በሁለተኛው ፎቅ ነው አለ፤ ጠብታው የነበረው በጣራው ሥር ባለው ክፍል ነበር። ይዋሽ ዘንድ ምክንያት አልነበረውም፤ የልቡና አስተማሪ ነበር፤ መሐላውም ከልቡ ነበር። እንግዲህ እርሱ እንዲህ ከሆነ፥ በጨለማ፥ በጩኸት መካከል፥ ልጁ ሲመታ ያየ የጀልዱ ገበሬ እንዴት ይሁን?

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነገር ለመርማሪው ተማሪያችን ከሁሉ የሚጠቅመው ይመስለናል፤ ስለዚህ ጥቂት እናብራራው። በ1974 እ.ኤ.አ. ኤልዛቤት ሎፍተስና ጆን ፓልመር የተባሉ የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች ለተማሪዎች የመኪና አደጋ ፊልም ካሳዩ በኋላ «መኪናዎቹ ሲጋጩ ፍጥነታቸው ስንት ነበር?» እያሉ ጠየቁ። ዘዴው ያለው በግሡ ላይ ነው። ለአንዳንዱ «ሲላተሙ»፥ ለአንዳንዱ «ሲጋጩ»፥ ለአንዳንዱ «ሲነካኩ» እንደ ማለት ያለ ቃል ተጠቀሙ። «ሲላተሙ» ተብለው የተጠየቁት ፍጥነቱን በአማካይ በሰዓት 65 ኪሎ ሜትር ያህል አደረጉት፤ «ሲነካኩ» የተባሉት ግን 51 አሉ። ፊልሙ ያው ነው። በሌላ ሙከራ ደግሞ ከአንድ ሳምንት በኋላ «የተሰበረ መስተዋት አይታችኋል?» ተብለው ተጠየቁ። በፊልሙ ውስጥ አንድም የተሰበረ መስተዋት አልነበረም። «ሲላተሙ» ከተባሉት 50 ሰዎች 16ቱ አዎን አይተናል አሉ፤ «ሲጋጩ» ከተባሉት 50 ግን 7 ብቻ። አንዲት ግሥ በሰው ልብ ገብታ መስተዋት ሰበረች ማለት ነው።

ይህን ወደ አገራችን እንመልሰው። በመሬት ድንበር ምክንያት ጠብ ተነሥቶ አንድ ሰው ተጐዳ እንበል። መርማሪው «በዱላ ሲነካው አይተዋል?» ቢል፥ «ሲመታው» ቢል፥ «ሲቀጠቅጠው» ቢል ሦስት የተለያዩ ጉዳዮችን በምስክሩ ራስ ውስጥ ሥሏል። አማርኛ በዚህ በኩል ሀብታም ቋንቋ ነው፤ ኦሮምኛም አያንስም፤ ሀብቱ ግን ለመርማሪ አደገኛ ነው። ይልቁንም የምስክሩ ቃል የሚነገረውም የሚመዘገበውም በኦሮምኛ ሲሆን፥ የፌዴራሉን ሕግ ትርጓሜ የሚወስነው ደግሞ የአማርኛው ቅጅ ነው፤ ተማሪው የሚያነበው መጽሐፍም በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። አንዱ ዱላ ሦስት ቋንቋ ሲያቋርጥ ክብደቱ ይለዋወጣል።

ሕጋችን ይህን አደጋ ሳያውቅ አልቀረም። በ1954 ዓ.ም. (1961 እ.ኤ.አ.) የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 137 አንድ ወገን የራሱን ምስክር ሲጠይቅ ያለ ፍርድ ቤቱ ፈቃድ መሪ ጥያቄ እንዳያቀርብ ከልክሎ ነበር። መሪ ጥያቄ ማለት «ቀይ ሸሚዝ ለብሶ ነበር፥ አይደለም እንዴ?» እንደሚለው ያለ፥ መልሱን በሆዱ ይዞ የሚመጣ ጥያቄ ነው። ይህ የሆነው ሎፍተስ ሙከራዋን ከማሳተሟ 13 ዓመት አስቀድሞ ነው። ይሁን እንጂ ያ ክልከላ የተጻፈው ለችሎት ነው። ምስክሩ ችሎት ከመድረሱ በፊት በፖሊስ ጣቢያ፥ በጎረቤት፥ በለቅሶ ቤት፥ በጠላ ቤት ስንት ጊዜ በመሪ ጥያቄ ሲመራ እንደ ከረመ ማን ይቈጥራል?

የቀድሞ ዘመን ዘዴዎቻችንም በዚህ ዓይን ሲታዩ ብዙ ያስተምራሉ። ስርቆት ወይም ግድያ ተፈጽሞ አድራጊው ሲጠፋ የአገሩ ሰው ሁሉ በአንድ ሜዳ ተሰብስቦ ጥፋተኛው እስኪገለጥ እንዳይበተን የሚደረግበት አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ የሚሉት ሥርዓት ነበር። በአጨዳ ሰሞን እህሉ በማሳ ላይ እየረገፈ ሜዳ ላይ የታገደ ገበሬ ወደ ቤቱ ለመመለስ ሲል የሚጠላውን ጎረቤቱን ስም ቢጠራ ምን ይደንቃል? ሌባ ሻይ የባሰ ነበር፤ አንድ ብላቴና የሚያሰክር ነገር ጠጥቶ እየተንገዳገደ በየደጁ ይሄድና የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ይህ የብላቴናው ስካር ብቻ አይደለም፤ ከኋላው የሚከተለው ሕዝብ ፊት፥ ሹክሹክታና ጥርጣሬም ይመራዋል ብለን እናስባለን። በላ ልበልሃ የሚባለው ሙግት ግን ሌላ ነው። ተሟጋቾቹ በአደባባይ በአንደበት ውበትና በጥያቄ ጦር ሲዋጉ ለሰሚ ደስ ያሰኝ ነበር፤ ችግሩ አንደበተ ርቱዑ ሁሉ እውነተኛ አለመሆኑ ነው።

በምዕራብ ሸዋ በሚኖረው የሜጫ ኦሮሞ ዘንድም የቃሉ ሸንጎ የሚባል ሥርዓት አለ፤ ካርል ኤሪክ ክኑትሰን የሚባሉ የስዊድን ተመራማሪ አጥንተውት በ1967 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አሳትመውበታል። ባለ ጉዳዮቹ በቃሉ ፊት ይቀርባሉ፤ በዚያ የሚዋሽ ሰው የአያናው ቁጣ እንደሚደርስበት ያምናሉ። አማኙ ሰው ላይ ፍርሃቱ ራሱ እውነትን ያወጣል፤ የማያምነው ላይ ግን አይሠራም። የሽማግሌዎች ጃርሱማ ሌላው ነው። በ2013 ዓ.ም. የኦሮሚያ ክልል ለባህል ፍርድ ቤቶች በአዋጅ ዕውቅና ስለ ሰጠ ተማሪያችን ሽማግሌዎቹን እንደ ጥንት ታሪክ ሊያያቸው አይችልም። እንዲያውም ከመጽሐፍ የማይገኝ አንድ ነገር አላቸው፤ ተናጋሪው እስኪጨርስ ዝም ብሎ መስማትን ያውቃሉ።

ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስል። በ1987 እ.ኤ.አ. ሮናልድ ፊሸርና ጓደኞቹ በፍሎሪዳ ፖሊሶች ምስክር ሲጠይቁ የተቀዳውን ድምፅ ሰምተው በሰዓት ለኩት። ምስክሩ መናገር በጀመረ በአማካይ በ7 ሰከንድ ተኩል ውስጥ ፖሊሱ ያቋርጠው ነበር። ሰባት ሰከንድ ተኩል! በእኛ አገር በዚህ ጊዜ ውስጥ የሰላምታውም ግማሽ አያልቅም።

አሁን ወደ አንድ ከባድ ነገር እንለፍ። ተማሪያችን ከሚያነባቸው መጻሕፍት በአንዱ ላይ «ዋሽቶ የሚናገር ሰው ዓይን ለዓይን አያይም» የሚል ቢያገኝ ምን ያደርጋል? በምዕራብ ሸዋ ገጠር ያደገ ልጅ በሹም ወይም በታላቅ ፊት ዓይኑን ይሰብራል፤ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ እጁን ያጣምራል። ይህ ወግ ነው፥ ጨዋነት ነው። ያንን የፈረንጅ አገር ወሬ ይዞ ወደ ምርመራ ክፍል የገባ ግማሽ ተማሪ ጨዋ ልጆችን ሁሉ ሌባ አድርጎ ይመዘግባቸዋል፤ ዓይን አውጣውን ደግሞ ንጹሕ ነህ ብሎ ያሰናብተዋል። ወሬውም በሰለጠነው አገር ቢሆን እውነት ሆኖ አልተገኘም። ቻርልስ ቦንድና ቤላ ዴፓውሎ በ2006 እ.ኤ.አ. ብዙ ጥናቶችን አጠራቅመው ሲመዝኑ ሰዎች ሁኔታን አይተው ውሸትን ከእውነት የሚለዩት ከመቶ 54 ጊዜ ብቻ መሆኑን አገኙ። ዘውድና ጎፈር ብሎ ሳንቲም የሚወረውር ሰው 50 ያገኛል። እኛ ስለ ግማሽ ዕውቀት ያለንን ፍርሃት ሳንሸሽግ እንናገራለን፤ በትርፍ ጊዜ መማር መልካም ነው፥ በትርፍ ጊዜ መፍረድ ግን መልካም አይደለም።

ሌላው ወግ ደግሞ «አዎን» ማለት ነው። ለትልቅ ሰው፥ ይልቁንም ጠመንጃ ላነገበ ትልቅ ሰው፥ «የለም፥ ተሳስተዋል» ማለት ይከብዳል። ስለዚህ ነገር ከሁሉ የተመራመረው ጊስሊ ጉድዮንሰን የሚባለው የአይስላንድ ሰው ነው፤ ታሪኩም ከእኛ ተማሪ ታሪክ ጋር ይመሳሰላል። በወጣትነቱ በእንግሊዝ አገር ሥነ ልቡና እየተማረ በአገሩ በሬይኪያቪክ ከተማ በመርማሪ ፖሊስነት ይሠራ ነበር። በ1975 እ.ኤ.አ. አንድ መጠጥ የሚያበዛ ሰው የአንዲት ሴት ቦርሳ ሰርቀሃል ተብሎ በእርሱ ፊት ቀረበ። ሰውየው ምንም እንደማያስታውስ፥ ነገር ግን ሳያደርገው እንዳልቀረ ተናግሮ አመነ። ቈይቶ ቦርሳው ከነጭራሹ እንዳልተሰረቀ ታወቀ። ማንም አልመታውም፤ ማንም አላስፈራራውም። ወጣቱ መርማሪ በዚህ ደንግጦ ቀሪ ዘመኑን ሰው ያላደረገውን ለምን እንደሚያምን ሲያጠና ኖረ፤ በ1984 እ.ኤ.አ. ሰው ለመሪ ጥያቄ ያለውን ተሸናፊነት የሚለካ መመዘኛ አውጥቶ አሳተመ።

በዚያው አገር በ1974 እ.ኤ.አ. ሁለት ሰዎች ደብዛቸው ጠፋ። ሬሳ ሳይገኝ፥ በእምነት ቃል ላይ ብቻ በተመሠረተ ክስ ስድስት ወጣቶች ተፈረደባቸው። ከእነዚህ መካከል አምስቱን የአይስላንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በነጻ ያሰናበተው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው። ከአምስቱ ሁለቱ ያን ቀን ሳያዩ ሞተው ነበር።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ጤነኛ ሰው ነው። የታመመስ? በ1949 ዓ.ም. የወጣው፥ የስዊሱ ሊቅ ዣን ግራቨን ያረቀቁት የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፥ በኋላም የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 51 አንድ ጥሩ ነገር ደንግገዋል። ተከሳሹ በሠራው ሥራ ኀላፊ መሆኑ ያጠራጠረ እንደሆነ ፍርድ ቤቱ የልዩ አዋቂ አስተያየት ይጠይቃል፤ የአእምሮ መናወጥ ወይም የሚጥል በሽታ ምልክት ከታየበት፥ መስማትና መናገር የተሳነው ከሆነ ወይም መጠጥ ከጠናበት መጠየቁ ግዴታ ይሆናል። አንቀጹ ቀጥሎ ዳኛውን የሚያስረው የአዋቂው ሳይንሳዊ ግኝት ብቻ ነው፥ ከግኝቱ የሚወጣው የሕግ ፍርድ ግን የዳኛው ነው ይላል። ሐኪም ሐኪም ይሁን፥ ዳኛም ዳኛ ይሁን ማለት ነው። ከዚህ የተሻለ የሁለት ሙያዎች ድንበር ሲከለል አላየንም።

ነገር ግን ልዩ አዋቂው የት ነው? ለብዙ ዘመን በአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ የኖረው የአዲስ አበባው አማኑኤል ነው፤ ፍርድ ቤቶችም ተከሳሾችን ለምርመራ የሚልኩት ወደዚያ ነው። የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ በስፔሻሊስትነት ማሠልጠን የተጀመረው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በ1995 ዓ.ም. (2003 እ.ኤ.አ.) ነው። ባኮ ከአዲስ አበባ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። መንገዱም ሁልጊዜ ክፍት አይደለም፤ በእነዚህ ዓመታት የምዕራብ ሸዋ መንገደኛ ይህን በሚገባ ያውቀዋል። በሽተኛውን የሚያጅብ ፖሊስ፥ የመጓጓዣ ገንዘብ፥ ተራ፥ አልጋ ያስፈልጋል። ከሁሉ በፊት ግን በጣቢያው ውስጥ «ይህ ሰው ዝም ያለው አምፆ አይደለም፥ ታሟል» ብሎ የሚጠረጥር አንድ ሰው ያስፈልጋል። ካልተጠረጠረ ማንም አይልከውም፤ ሕጉም በመጽሐፉ ላይ ይቀራል። የቅዳሜ ተማሪያችን ልዩ አዋቂ ባይሆንም ያ የሚጠረጥር ሰው ሊሆን ይችላል።

ሕፃናትንም ቢሆን እንዲሁ ነው። በሕጋችን ዘጠኝ ዓመት ያልሞላው ልጅ በወንጀል አይጠየቅም፤ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አምስት ያለው በተለየ ሥርዓት ይታያል፤ ፍርድ ቤቱም ስለ አስተዳደጉና ስለ ጠባዩ አዋቂ ሊጠይቅ ይችላል። በአገራችን የልደት ምዝገባ በአዲስ መልክ የተጀመረው ገና በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ስለሆነ የብዙ ልጆች ዕድሜ የሚታወቀው በእናት ትዝታ ነው። «በግ የወለደች ዕለት ነው»፥ «ታላቁ ዝናም የጣለ ዓመት ነው» ትላለች እናት። በስምንትና በአሥር ዓመት መካከል ያለው ልዩነት፥ በሕግ ዓይን የሰማይና የምድር ያህል የሆነው፥ እንደገና በትዝታ ላይ ይንጠለጠላል፤ ትዝታም በአጠያየቅ ላይ።

የተማሪውን ኑሮ እናሳምረው አንልም። ዓርብ ማታ ተረኛ ሆኖ ያደረ ሰው ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ በሦስተኛው ረድፍ ተቀምጦ በእንግሊዝኛ ስለ ትዝታ ሲነገረው የራሱ ትዝታ ይከዳዋል። የትምህርት ክፍያው ከልጆቹ ልብስ ላይ የሚቀነስ ነው። ሚስቱ «ተምረህ ምን ልትሆን ነው?» ብትለው አይፈረድባትም፤ ዲግሪው ማዕረግ ይጨምርለት አይጨምርለት እርሱም እርግጠኛ አይደለም። መብራት በጠፋ ማታ በስልኩ ብርሃን ያነባል፤ የስልኩም ባትሪ ያልቃል። የሥራ ጓደኞቹ «ሳይኮሎጂስቱ መጣ» ብለው ያሾፉበታል፤ ሰላይ እንዳይመስላቸው ደግሞ ስለ ትምህርቱ ብዙ አያወራም። ራሱ የመረመረውን ጉዳይ በልቡና አዋቂነት እመሰክራለሁ ማለት እንደማይገባው መረዳቱም አንድ ትልቅ ፈተና ነው፤ የያዘውን ሰው ንጹሕ ሊሆን ይችላል ብሎ ማሰብ ከፈተናው ሁሉ ይከብዳል።

እሑድ ወደ ማታ ደብተሩን በላስቲክ ጠቅልሎ ይመለሳል። ሰኞ ጠዋት ከጣቢያው ደጅ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ጋቢያቸውን ተከናንበው፥ ዱላቸውን ተደግፈው ቈመዋል፤ ሌሊቱን ተጉዘው መምጣታቸው ነው። ተማሪያችን ተነሥቶ ወንበር ይስባል፤ በኦሮምኛ ስለ ከብቱ፥ ስለ ልጆቹ፥ ስለ ዝናሙ ይጠያይቃቸዋል። ብዕሩን ያነሣና መልሶ ያስቀምጠዋል።

«አባቴ፥ ያዩትን ከመጀመሪያው ጀምረው ይንገሩኝ፤ እኔ አላቋርጥዎትም።»

ሽማግሌው ጉሮሮአቸውን ይጠራርጉና የዚያ ቀን ገበያ እንዴት እንደ ነበረ፥ በሬው በስንት እንደ ተሸጠ፥ ከማን ጋር እንደ ተመለሱ ይጀምራሉ። ጠቡ ጋ ለመድረስ ገና ብዙ መንገድ አለ። መርማሪው ዝም ብሎ ይሰማል።